ውሃው ሲመጣ መንገዱ ይሄዳል

እኛ የመቀሌ ሰዎች ፏፏቴ የምናይበት ጊዜ ጥቂት ሳምንት ነው። ዓመቱን ሙሉ የምናገኘው ዝናብ 600 ሚሊ ሜትር አካባቢ ቢሆን ነው፤ ከዚያ ውስጥ አብዛኛው የሚወርደው ደግሞ በሐምሌና በነሐሴ ነው። ሰኔ ያስፈራራል፣ መስከረም ያባርራል፣ አለቀ። በሮማናትም ሆነ በደጉዓ ተምቤን ገደሎች ላይ ውሃ ሲንዶለዶል ማየት የፈለገ ሰው በዚያች ጠባብ ቀዳዳ መሹለክ አለበት።

ችግሩ ያቺው ቀዳዳ መንገዱም የሚጠፋባት መሆኗ ነው። በበጋ መንገዱ ደረቅ ነው፣ ወንዙን በጫማ ይሻገሩታል፣ መኪናው እስከ ገደሉ አፍ ድረስ ይጠጋል፤ ደርሰን ቀና ስንል ግን የምናየው ድንጋይ ነው። ረጅም፣ ግርማ ያለው፣ የሚያምር ድንጋይ፤ ግን ድንጋይ። በክረምት ውሃው አለ። ሙሉ ነው፣ ያጓራል፣ ርጭቱ ከሩቅ ፊት ያረጥባል ይሉናል። ይሉናል የምንለው እኛ በዚያ ሰዓት ከመገንጠያው ትንሽ ገባ ብለን ዋልካ በሚባለው ጥቁር ጭቃ ውስጥ ሚኒባስ እየገፋን ስለሆነ ነው።

ለነገሩ የዚህች ከተማ ሰው ውሃ ለማየት ገንዘብ አዋጥቶ መሄዱ ራሱ ያስቃል። እቤታችን ቧንቧው የሚመጣው በፈረቃ ነው፤ ፈረቃውም የሚመጣው በፈረቃ ነው። ሮቶ ያለው ሮቶውን በጣቱ እያንኳኳ ምን ያህል እንደቀረው ያዳምጣል፤ ሮቶ የሌለው ቢጫ ጄሪካኑን ደርድሮ ቦቴ ይጠብቃል። ሌሊት ቧንቧው ማስነጠስ ሲጀምር የሰፈሩ ሰው በሙሉ የስልኩን ባትሪ አብርቶ ብድግ ይላል፤ ሕፃን ሲያለቅስ የማይነቃ አባት ለቧንቧ ይነቃል። ከተማዋ ለብዙ ዘመን የኖረችው በዓይናለም የከርሰ ምድር ውሃ ነው፤ ሕዝቡ ግን ከጉድጓዱ ቀድሞ በዛ። በግባ ወንዝ ላይ ለከተማችን ተብሎ ስለታሰበው ግድብ ማውራት ከጀመርንም ቆይቷል፤ ወሬው ሲጀመር የተወለዱ ልጆች አሁን ጄሪካን ለመሸከም ደርሰዋል። እንግዲህ እንዲህ ያለ ሕዝብ ነው ቅዳሜ ሲመጣ ተጠራርቶ “ኑ፣ ውሃ ዝም ብሎ ሲፈስ አይተን እንምጣ” የሚለው።

መከራው የሚጀምረው ቴሌግራም ላይ ነው። አንዱ ግሩፕ ይከፍታል። ሁሉም “አለሁ” ይላል። “አለሁ” ማለት ነፃ ስለሆነ ነው። መዋጮው ሲጠራ ግሩፑ ፀጥ ይላል፤ ገንዘብ ያዥ ሆኖ የሚመረጠው ደግሞ ምንጊዜም ሰው መቆጣት የማይችል፣ “እንዳመቻችሁ” የሚል ምስኪን ነው። ከዚያ የመገናኛው ቦታ ይመጣል። “ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል፣ ሮማናት” ተብሎ ይጻፋል፤ ይህቺው አንዲት መስመር ለግማሽ ቀን ጭቅጭቅ ትበቃለች። ሮማናት የሚባል አደባባይ መሃል ከተማ አለን፤ ሮማናት የሚባል ፏፏቴ ደግሞ ከከተማው ወጣ ብሎ አለን። አብዛኞቻችን አደባባዩ ላይ ቆመን ስናዛጋ፣ አንዱ የወንድሙን መኪና ተውሶ ቀጥታ ፏፏቴው ዘንድ ደርሷል፤ ከእኛ ቀድሞ በመድረሱ ተቆጥቷል፤ “የት ጠፋችሁ?” ብሎ ይደውላል፤ ሳንመልስለት ይቆረጣል፤ እንደገና ይደውላል፤ እንደገና ይቆረጣል።

“መንገድ ላይ ነኝ” የሚለውን ሰው ሳንረሳ። መንገድ ላይ ነኝ ሲለን ከበስተጀርባው እናቱ “ሻይህ ቀዘቀዘ እኮ” ስትል ይሰማናል። እንሰማለን፣ እንደሰማን ያውቃል፣ እንደሚያውቅ እናውቃለን፤ ሆኖም “እሺ፣ ቶሎ በል” እንላለን። አንድ ሰዓት ይሆናል። ሁለት ሰዓት ይሆናል። በሰዓቱ የመጣ ሰው በሰዓቱ በመምጣቱ ሞኝ ይባላል። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሰውየው ፊቱን ታጥቦ፣ ሽቶ ተቀብቶ፣ በባጃጅ ከች ይልና “ምነው፣ ገና አልሄዳችሁም?” ይለናል።

በአሸንዳ ሰሞን ደግሞ እንግዳ ይጨመራል። ከነሐሴ 16 ጀምሮ ከተማዋ በሹሩባና በከበሮ ትሞላለች፤ ከአዲስ አበባም ከውጭም ዘመድ ይጎርፋል፤ የመጣው ሁሉ “ፏፏቴ አሳዩን” ይላል። ባለማወቁ አይፈረድበትም፤ ውሃው በእርግጥም ሙሉ የሆነው ያን ሰሞን ነው። ግን የአዲስ አበባው ነጭ ስኒከር አድርጎ ነው የሚመጣው፤ “ጭቃ ነው” ስንለው “ችግር የለውም፣ ቀስ ብዬ እረግጣለሁ” ይላል። ከአሜሪካ የመጡት አክስት ናያግራን ስላዩ ፏፏቴ በሚባል ነገር ሁሉ ላይ አስተያየት አላቸው። እዚያ በአሳንሰር ነው የሚወረደው፣ የብረት አጥር አለው፣ መጸዳጃው ንጹሕ ነው፣ ካፖርት ይሰጡሃል። እኛ ዝም ብለን እንሰማለን፤ የአክስት ነገር ዝም ብሎ መስማት ነው።

አሁን ሁላችንም ተሳፍረናል። ሚኒባሱ የተያዘው በኮንትራት ነው፤ ሾፌሩ ትናንት ማታ “ነዳጅ ሞልቼ አድራለሁ፣ አታስቡ” ብሎናል። ዛሬ የመጨረሻው ሰው ገብቶ በሩ ሲዘጋ መሪውን ቀጥ አድርጎ ወደ ማደያ ያዞራል። የማደያው ሰልፍ ጫፉ አይታይም። ቤንዚን የለም፣ ናፍጣ አለ ይባላል፤ የእኛ መኪና ቤንዚን ነው። ቤንዚን ሲመጣ ይሰለፋል፤ ተራችን ሲደርስ ክፍያው በስልክ ነው ይባላል። ስልኩ ኔትወርክ ይፈልጋል። ኔትወርኩ መብራት ይፈልጋል። መብራት ሄዷል። ጄኔሬተሩን ለማስነሳት ደግሞ ነዳጅ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ የሚስቅም የሚያለቅስም ይኖራል፤ የአዲስ አበባው እንግዳ ቪዲዮ ይቀርጻል። ከማደያው የጠፋው ቤንዚን ግን ከማደያው ማዶ፣ በውሃ ፕላስቲክ ተሞልቶ፣ በድንጋይ ላይ ተደርድሮ ፀሐይ እየሞቀ ነው። ሾፌሩ ወርዶ ይነጋገራል፤ ተመልሶ “መዋጮው ላይ ትንሽ ይጨመር” ይላል። ገንዘብ ያዡ አንገቱን ይደፋል።

ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ጦርነቱ ባለበት ጊዜ ባንክም፣ ስልክም፣ ነዳጅም በአንድ ላይ ተቋርጦብን እንደነበር የምናውቅ ሰዎች ስለ ማደያ ሰልፍ ማማረራችን ያሳፍር ይሆናል። አያሳፍረንም። ያኔ ማማረሪያም አልነበረንም፤ አሁን ስላገኘን አሳምረን እንጠቀምበታለን።

ጉዞው ተጀመረ እንበል። የኋላ ወንበር ለሦስት ሰው ነው ተብሎ አራት ተቀምጧል፤ “ጠጋ ጠጋ በሉ” የሚለው ረዳት ራሱ በሩ ላይ ተንጠልጥሏል። መስኮቱ በአንድ በኩል አይከፈትም፣ በሌላ በኩል አይዘጋም። ጉልበታችን ላይ የዳቦ ቅርጫት፣ እግራችን ሥር ስዋ የምንለው ጠላ የሞላው ጄሪካን፣ ትከሻችን ላይ የተኛ ሰው አለ። ከሁሉ በላይ ጂፓስ የሚባለው ድምፅ ማጉያ አለ። ባለ ጂፓሱ ከመቀሌ ሳንወጣ ጓይላ የጭፈራ ዘፈን ይለቅቃል፤ አንድ ዘፈን መሃል ላይ ሲደርስ ወደ ሌላው ያልፋል፤ ማንም ዘፈን ጨርሶ ሰምቶ አያውቅም። ኬላ ሲደርስ ይቀንሰዋል፣ መታወቂያ ይታያል፣ “የት ናችሁ?” እንባላለን፣ “ፏፏቴ” እንላለን፤ ጠያቂው አንዴ ሰማዩን፣ አንዴ ጎማችንን አይቶ “በሉ እሺ” ይላል። በዚያ “በሉ እሺ” ውስጥ ብዙ ነገር ነበረ፤ የገባን በኋላ ነው።

ዋናው መንገድ ላይ ማንም አያማርርም። ወደ ሀገረ ሰላም የሚወጣው መንገድ የግባን ወንዝ ተሻግሮ ሽቅብ ሲጠማዘዝ ዕይታው ብቻውን ቲኬት ያስከፍላል፤ ከተማዋ ከመቀሌ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ከ2,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች፤ በነሐሴ ጉም ውስጥ ገብተን ስንወጣ አክስትም ሳይቀሩ ናያግራን ለአፍታ ይረሳሉ። ጣጣው ያለው መገንጠያው ላይ ነው። ፏፏቴ ከዋናው መንገድ ዳር አይቀመጥም። ሁልጊዜ “ትንሽ ገባ” ብሎ ነው። ይህን “ትንሽ ገባ” የሚባል ርቀት የለካው ሰው የለም። ምልክት የለም፣ ቀስት የለም፣ ሰሌዳ የለም፤ ስለዚህ በግ የሚጠብቅ ልጅ እንጠይቃለን። ልጁ በዱላው ወደ አድማሱ እየጠቆመ “ቀረባ እዩ!” ይላል። ቅርብ ነው። ግማሽ ሰዓት ነድተን ሌላ እንጠይቃለን፤ እንስራ ያዘሉ እናት በአገጫቸው ወደ ገደሉ እየጠቆሙ “ቀረባ እዩ፣ ወደይ” ይሉናል፤ ቅርብ ነው፣ ልጄ። ማንም አልዋሸንም። እነሱ በየቀኑ ለውሃ፣ ለወፍጮና ለትምህርት ቤት የሚሄዱበትን መንገድ ነው ቅርብ ያሉን፤ ለእግራቸው ቅርብ ነው። ለእኛ ጎማ ነው ሩቅ የሆነው።

ከዚያ ዋልካ። ስለዚህ አፈር አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል፤ ቂም የሚያዝበትን ማወቅ ጥሩ ነው። የደጉዓ ተምቤን ተራራ የተደራረበ ነው። ከላይ ጥቁር ባዛልት፣ ከሥሩ አሸዋማ ድንጋይ፣ ከዚያ በሕንጣሎ ስም የሚጠራው ወፍራም የኖራ ድንጋይ፣ ከእሱም ሥር ደግሞ በአዲግራት ስም የሚጠራው አሸዋማ ድንጋይ። ጠንካራው ሽፋን አልበላም ብሎ ገደል ሆኖ ይቀራል፤ ለስላሳው ተሸርሽሮ ደልዳላ ይሆናል። ውሃው ደልዳላው ላይ ተንቀራፎ ይመጣና ገደሉ ጫፍ ሲደርስ ይዘላል። ፏፏቴያችን ከዚህ መጣ። ግን ያው ባዛልት ሲበሰብስ ነው ጥቁሩን ዋልካ የሚሰጠን፤ በበጋ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ያለው፣ በክረምት ጎማ የሚውጥ። አንዱ ተራራ በአንድ እጁ ፏፏቴ ይሰጠናል፣ በሌላው እጁ መኪናችንን ይይዛል። ሾፌሩ ይህን ሁሉ የድንጋይ ታሪክ አይፈልግም፤ “ወንዶች ውረዱ” ነው የሚለው።

ወንዶች ይወርዳሉ። ሁሉም በአንድ ጊዜ መሐንዲስ ይሆናል። አንዱ “ወደ ኋላ!” ይላል፣ አንዱ “መሪውን ስበር!” ይላል፣ አንዱ ድንጋይ ፍለጋ ሄዶ አይመለስም። ሾፌሩ ነዳጅ ሲሰጥ የኋላው ጎማ ባለበት ይሽከረከርና ጭቃውን ሙሉ በሙሉ በአንድ ሰው ላይ ይረጫል፤ ያ ሰው ሁልጊዜ ባለ ነጭ ስኒከሩ ነው። ክሪክ ይፈለጋል። ክሪኩ አለ፣ እጀታው የለም። ስኮርታ ጎማ ይፈለጋል፤ አለ፣ ነፋስ የለውም። “ትናንት ነበረው” ይላል ሾፌሩ፣ ጎማው እንደከዳው ሰው ፊት እያሳየ። በመጨረሻ የሚያወጡን ከማሳቸው ሥራ አቁመው የመጡ ገበሬዎች ናቸው። ሥር ሥሩ ቅጠልና ጠጠር ያነጥፋሉ፣ “ሆ” ብለው ይገፋሉ፣ መኪናው ይወጣል። ገንዘብ ስንዘረጋ አይቀበሉም፤ እኛም ቅሬታችንን በማን ላይ እንደምንጥል ግራ ይገባናል።

ፏፏቴው ዘንድ ስንደርስ ይህ ችግር ይቃለላል፤ የሚቀበል ሞልቷል። መኪና የሚጠብቅ ልጅ ያስከፍላል። መኪናውን የሚጠብቀውን ልጅ የሚቆጣጠር ልጅ ያስከፍላል። መንገድ የሚያሳየን ያስከፍላል፤ መንገዱ አንድ ነው፣ ፏፏቴውም ከዚህ ይታያል፣ ቢሆንም ያሳየናል። አንዱ ደግሞ ማኅተም የሌለው ብጣሽ ወረቀት ይዞ “መግቢያ” ይላል። ደረሰኝ ስንጠይቀው ያንኑ ብጣሽ ወረቀት ገልብጦ ያሳየናል። ከልጆቹ አንዱ፣ ዕድሜው ከሁሉም ያነሰ፣ ምንም ሳይጠይቅ አንድ ቁም ነገር ይነግረናል፦ ከእግር መንገዱ እንዳንወጣ፣ ወድቆ የምናገኘውን ብረት እንዳንነካ። ጦርነቱ ያለፈበት መሬት ነው። እዚህ ላይ አንቀልድም፤ ባለ ጂፓሱም ይቀንሳል፣ ሁላችንም በአንድ መስመር ተሰልፈን እንወርዳለን።

እና ውሃው አለ! በእርግጥ አለ። ቀይ ነው፤ ሻይ በወተት ይመስላል፤ ከገደሉ ጫፍ ተወርውሮ ሥሩ ያለው ድንጋይ ላይ ይፈነዳል። እናይ ይመስላችኋል? አናይም። ፎቶ እንነሳለን። ፎቶ የሚነሳ ሰው ጀርባውን ለፏፏቴው ሰጥቶ ፊቱን ለስልክ ነው የሚያዞረው፤ ሁላችንም በተራ ጀርባችንን ሰጥተነው ተመልሰናል። “አንዴ ብቻዬን”፣ “አንዴ ከእሷ ጋር”፣ “አሁን ሁላችንም”፣ “ቆይ ዓይኔን ጨፍኛለሁ”፣ “ቆይ ፀጉሬ”፣ “ቆይ ያ ሰውዬ ይለፍ”። ያ ሰውዬ አያልፍም፤ እሱም ፎቶ እየተነሳ ነው። ድምፁን እንዳንሰማ ደግሞ ጂፓሱ ሙሉ ኃይሉን አግኝቷል፤ ከሌላ ሚኒባስ የመጡት የራሳቸውን ጂፓስ ከፍተዋል፤ ሁለቱ ጓይላ መሃል ላይ ተጋጭተው ፏፏቴው ዝም ያለ ይመስላል። ከሥር፣ ውሃው በሚረጋበት ቦታ፣ ፌስታልና የውሃ ፕላስቲክ ክብ እየሠራ ይዞራል። ማን ጣለው? እኛ አይደለንም። እኛ በጭራሽ አይደለንም። ሁልጊዜ ከእኛ በፊት የመጡት ናቸው።

አንድ የእኛው ልጅ ገደሉን እያየ “ድሮ ከዚህ ይበልጥ ነበር፣ አሁን ቀንሷል” አለ፣ አጠገባችን ለቆሙ አንድ ሽማግሌ ባለማሳ እየነገራቸው፣ እንደ መጨነቅ ብሎ። ሽማግሌው ፈገግ ብለው “ወደይ፣ ያኔ የምታየው ፏፏቴ አፈሬ ነበር” አሉት። እውነታቸውን ነው። የትግራይ ገበሬ በየዓመቱ ያለ ክፍያ ቀኑን እየሰጠ እርከን ሠርቷል፣ ተራራ ከልሏል፣ ቦረቦር ገድቧል፤ ጎርፉ ቀንሶ ውሃው ወደ መሬት ሰርጎ ምንጭ ሆኗል፤ ለዚህም ክልሉ እ.ኤ.አ. በ2017 ዓለም አቀፍ የወርቅ ሽልማት አግኝቷል። እኛ ግን የከተማ ሰዎች ነን፤ ሰው እርሻውን በማዳኑ ፎቶአችን አነስ አለ ብለን እናጉረመርማለን። ልጁ ለትንሽ ጊዜ ዝም አለና “ቢሆንም ስፋቱ...” ብሎ ቀጠለ።

ይህን ያህል መከራ እያየን ለምን ከራሳችን ወረዳ እንደማንርቅ የሚጠይቅ ይኖራል። ትልቁን ለማየት ወደ ጢስ ዓባይ ሂዱ የሚለን አይጠፋም። እሱንም እናውቀዋለን። በድሮው የአንድ ብር ኖት ጀርባ ላይ ያየነው ያ ፏፏቴ እንደ ብሩ ሁሉ ዋጋው የወረደ ነው። ከአጠገቡ የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ1964 ተሠራ፣ ሁለተኛው በ2001 ተጨመረ፤ በ2010 ደግሞ 460 ሜጋ ዋቱ ጣና በለስ ውሃውን ገና ከሐይቁ በዋሻ ወስዶ ወደ በለስ ወንዝ ሰደደው። ባሕር ዳር ያለ ዘመድ እንግዳ ሲመጣበት ጭንቀቱ ከእኛ አይለይም፤ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወስዶ “ድሮ ብታዩት ኖሮ” ይላል። የአክስት ናያግራም ቢሆን እንደሚወራለት ነፃ አይደለም። አሜሪካና ካናዳ እ.ኤ.አ. በ1950 በተፈራረሙት ውል በጎብኚ ወቅት ቀን ቀን በሴኮንድ ቢያንስ 2,830 ኪዩቢክ ሜትር ገደማ ውሃ እንዲወርድ ተስማምተዋል፤ ሌሊት ግን ወደ ግማሽ ዝቅ ማድረግ ይቻላል፤ የተረፈው ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ይህን ስንነግራቸው አክስት “እንዴ፣ እዚያም ፈረቃ ነው?” አሉ። ነው እትዬ። ልዩነቱ የእነሱ ፈረቃ በሰዓቱ መምጣቱ ነው።

በዚህ መሃል ሾፌራችን ጠፍቷል። ስንፈልገው ሚኒባሱን ከጅረቱ ዳር አቁሞ፣ ሱሪውን ጠቅልሎ፣ በባልዲ እያጠበው ነው። ከተማ ውስጥ ማጠቢያ ቤቶች ውሃ የላቸውም፣ ያላቸውም ዋጋቸው አይቀመስም፤ ሰውዬው ዕድል አግኝቶ ነው። የሚመለሰው በጭቃ መንገድ እንደሆነ ስናስታውሰው “ቢሆንም ንጹሕ ሆኖ ይቆሽሽ” ይላል። መከራከሪያ አላገኘንለትም። ከዚያ የገንዘብ ያዡ እናት ከወንበር ሥር የደበቁትን ባዶ ጄሪካን ያወጣሉ። ከዚያ ሌላው። ከዚያ ሌላው። ለካ ሁሉም ሰው ይዞ መጥቷል! የስዋው ጄሪካን ሳይቀር ባዶውን ታጥቦ ተሞላ። ውሃው ቀይ ነው፣ አሸዋ አለው፣ ለመጠጥ አይሆንም፤ “ለሽንት ቤት ነው” ይባባላል፣ ማንም ሳይጠይቅ። ስንመጣ ጠበበን ያልነው መኪና አሁን ሰውም ውሃም ጭኖ ይመለሳል፤ በየመዞሪያው ክዳኑ ያልጠበቀው ጄሪካን ካልሲያችንን ያርሳል።

ከሰዓት በኋላ፣ ሁልጊዜ እንደሚያደርገው፣ ሰማዩ ይጠቁራል። በረዶ ቀላቅሎ ይወርዳል። ጠዋት በጫማ የተሻገርነው ቦይ አሁን ወንዝ ነው፤ ድንጋይ ያንከባልላል፣ እንጨት ያመጣል፣ እንደ ፏፏቴው ያጓራል። ፏፏቴውን ያላየን ሰዎች ይህኛውን ግን ተቀምጠን አየነው። ጂፓሱ ባትሪ ጨርሷል፣ ፎቶ የሚነሳ የለም፣ የስልኩም ቻርጅ አልቋል፤ ጎርፉ እስኪጎድል መጠበቅ ብቻ ነው። በለስ እየላጠ የሚሸጥ አንድ ልጅ መጣ፤ ገዛን፤ በላን፤ የእሾሁን ፀጉር ከከንፈራችን ስንለቅም መሸ። አዋቂ ነኝ የሚል ሁሉ “አሁን ጎደለ፣ ይለፍ” ይላል፤ ሾፌሩ ብቻ ነው ዝም ብሎ ድንጋይ ላይ የሚቆጥረው፤ ውሃው የትኛውን ድንጋይ እንደሸፈነ፣ የትኛውን እንደገለጠ። እሱን ነው የሰማነው፤ በዚያ ሁሉ ቀን ትክክል የሠራነው ነገር ይህ ነው። በየክረምቱ ጎርፍ ውስጥ ነድተው የቀሩ ሰዎች ወሬ አናጣም።

መቀሌ ስንገባ ሰፈሩ በሙሉ ጨለማ ነበር። የጊቢው ሰው በር ላይ ቆሞ “የት ጠፍታችሁ ነው? ከሰዓት ውሃ መጥታ ሄደች” አለን። ሁሉም ሰው ሞልቶ አስቀምጧል፤ ሮቶ ሞልቷል፣ ባልዲ ሞልቷል፣ ድስት ሳይቀር ሞልቷል። የእኛ ቤት ብቻ ባዶ ነው። ቀይ ውሃ የያዝነውን ጄሪካን እያዘነበልን፣ አሸዋው እስኪዘቅጥ ጠበቅን።

ፎቶዎቹስ? አልመጡም። ሁሉም ፎቶ በአንድ ሰው ስልክ ነው የተነሳው፤ ያ ሰው ደግሞ “መንገድ ላይ ነኝ” ባዩ ነው። “ዛሬ ማታ እልካለሁ” ብሏል። ኔትወርክ ሲስተካከል ብሏል። ዋይፋይ ሳገኝ ብሏል። የራሱን ግን ፕሮፋይል አድርጓል፤ ከጀርባው በስተግራ የምናየው የተቆረጠ ትከሻ የእኛ ነው።

ገንዘብ ያዡም ግሩፑ ላይ አንድ መልእክት አስቀምጧል፤ እንደ ልማዱ በትሕትና፣ “እንዳመቻችሁ” ብሎ። የቤንዚኑን ጭማሪ፣ የመኪና ጠባቂውን፣ የጠባቂውን ጠባቂና ብጣሽ ወረቀቱን ከኪሱ ነው የከፈለው። አይቆጣም፤ ስለዚህ እኛ እንቆጣለታለን። መዋጮውን ያልከፈላችሁ ሰዎች፣ እነማን እንደሆናችሁ እናንተም እኛም እናውቃለን፤ መልእክቱን ማንበባችሁም ይታያል። የቴሌብሩ ቁጥር ያው ነው።